ለድሬዋ፣ ለሳቢያን ሰፈሯ ልጅ፦ ዝርዝሩን አታውጪው

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ድሬ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ትሠሪያለሽ፤ ዓመት ከሁለት ወርሽ ነው። ባለቤቱ የእናትሽ ዘመድ ነው። "የስኳር ታካሚዎችን ስም ከነስልካቸው በኤክሴል አውጪልኝ" ብሎሻል፤ ቪታሚን አስመጥቶ ለሚሸጥ ወዳጁ ሊሰጠው። ስታንገራግሪ እናትሽ "የበላሽበትን ወጪት አትስበሪ" አሉሽ። ሥራ እሰጥሻለሁ ያለኝ ባንክ ልግባ ወይ፣ ማስተርስ ልማር ወይ የሚለውም አለ።

ከወጪቱ ልጀምር። ክሊኒኩ የሚበላው ከማን ነው? ካርድ አውጥቶ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ ስልኩን ካስመዘገበው ሰው አይደል እንዴ? እንግዲህ ወጪት ሰባሪው ዘመዳችሁ ነው። እናትሽን አክብሪያቸው፤ ይህን ግን ንገሪያቸው።

ታካሚው ስልኩን የሰጠው ውጤቱ ሲደርስ እንዲደወልለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መነሻውም ይኸው ነው፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ እንዳሻው ለሌላ አይውልም። የጤና መረጃ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። መጀመሪያ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው። ግን ፋይሉ በማን ዩዘር ወጣ ተብሎ ሲታይ የሚገኘው ያንቺ ስም ነው።

ድሬን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ጠዋት የወጣ ዝርዝር ከሰዓት ጫት በርጫ ላይ ይወራል።

እኔም ልጅ እያለሁ ከዚራ አካባቢ አንድ ንግድ ቤት ስሠራ "ዱቤ ያለባቸውን አትመህ አምጣ" ተባልኩ። አተምኩ። በሳምንቱ ወረቀቱ ገበያ ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ምንም አላሉኝም፤ አይተውኝ ሄዱ። ባንክ ገብቼ ሲስተም ኦዲት ላይ 16 ዓመት የቆየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

"ለማስረጃ በፍላሽ ገልብጬ ቤት ልውሰደው?" ላልሽው፦ አቦ፣ በፍጹም! ከተፈቀደልሽ አልፈሽ ዳታ ውስጥ ከገባሽ ወንጀለኛዋ አንቺው ትሆኛለሽ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለዚህ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም አስቀምጧል። ይልቅ የክሊኒኩን ባለቤት "ትዕዛዙን በጽሑፍ ስጠኝ" በይው። አለቃ ፈርም ሲባል ብዙ ነገር ይረሳል። ባዶ እጅሽንም አትግቢ። ካርድ ክፍል አንድ ቅጽ ይቀመጥ፤ ማስታወቂያ ይድረሰኝ ያለ ይፈርም፤ መልእክቱንም ክሊኒኩ ራሱ ይላክ። ይህን ካልተቀበለ ልቀቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል።

ባንኩ ደሞዝሽን በ1,500 ብር ይቀንሰዋል፤ ገብቶኛል። ግን ቤቱን ብቻሽን የተሸከምሽው ለምንድን ነው? 24 ዓመቱን ደፍኖ ሥራ እያማረጠ የተቀመጠው ወንድምሽስ? እዚያው ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ሄዶ ዕቃ ቢያወርድ ክብሩ አይቀንስም።

ማስተርሱ ይቆይ፤ ሁለት ዓመት ሥሪና ክፍያውን አሠሪሽ ይጋራሽ።

ባንኩ እስከ አርብ ይጠብቀኛል ብለሻል። ዘመዳችሁ እምቢ ካለ ሐሙስ ሂጂ። ለምን ትለቂያለሽ ካሉሽ የታካሚ ስም ሳትጠሪ፣ ክሊኒኩንም ሳታሚ፣ "የሥራ አካሄድ ላይ አልተስማማንም" በያቸው።