የተሰረጎደ የትራክተር ሰልባትዮ፦ አየር ሳይሆን ውሃ

የሱሉልታው ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የአባቱ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ኮፈኑ ከወለቀ ቆይቷል። ባህር ዛፍ ሲጫን አንድ ግንድ አመለጠና የሰልባትዮውን (የነዳጅ ጋኑን) አናት ሰረጎደው። አይፈስም። አንዱ ጋራዥ «በኮምፕሬሰር ንፋስ እንስጠው፣ ራሱ ይወጣል» ብሎታል። ሌላው «ብረት በይደን እንጎትተው» ይላል። የቱ ይሻላል?

እኔ ሰንዳፋ አካባቢ ከአሮጌ ትራክተር ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለቱም ይቆዩ እላለሁ።

በቅድሚያ፣ መውጣቱ ግድ ነው ወይ? ስርጉዱ የሚያጎድልብህ ጥቂት ሊትር ናፍጣ ነው። ሞተሩ አያውቀውም። የሚያሳስበው ላሜራና ላሜራ የተጋጠመበት ቦታ ነው፤ ግንዱ አናቱን ሲመታው ጉልበቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። መጋጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ዙሪያውን ነጭ ጠመኔ ቀባው። ሰልባትዮውን ሙላና አሳድረው። ጠዋት ጠመኔው የጠቆረበት ቦታ ካለ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ካልጠቆረና መልኩ ካላስጨነቀህ፣ ቀለሙን ፍቀህ፣ ጸረ ዝገት ቀብተህ፣ በስቱኮ ሞልተህ ተገላገል።

ይውጣልኝ ካልክ ደግሞ ስለ ንፋሱ እንነጋገር። የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር እስከ 8 ባር ይሰጣል። የሰልባትዮው አንዱ ጎን 50 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 1,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 8 ባር ሲያርፍ ወደ 12 ቶን ይጠጋል። ያ ስስ ላሜራ ይህን አይችልም። ከስርጉዱ በፊት ጎኑ ይነፋል፣ ወይም መጋጠሚያው ይቀደዳል። የታመቀ አየር ደግሞ ሲያመልጥ እንደ ቦምብ ነው።

ውሃ ግን አይታመቅም። ቢቀደድ እንኳ ጭርር ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ሰልባትዮውን አውርደህ እጠበው፤ መውጫውን ድፈን። ለአፉ ከላሜራና ከጎማ ክዳን አሠራና መሃሉ ላይ ቱቦ አስገባ። አፉ ከሁሉም ከፍ እንዲል አዘንብለህ አየር እስኪያልቅ ውሃ ሙላ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ 2 ሜትር ከፍ ካለ ጄሪካን ጋር አገናኘው። 2 ሜትር ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 200 ግራም ያህል ይገፋል። ሁለት መዳፍ በሚያህል ስርጉድ ላይ፣ 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብንል፣ 60 ኪሎ ነው። ጄሪካኑ ካልተነሳ ግፊቱ አይጨምርም፤ ደስ የሚለው ይሄ ነው። ጎኖቹ እንዳይነፉ በጣውላ ደግፋቸው። ከዚያ የስርጉዱን ጠርዝ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርግ። መሃሉን አትንካ። ለስለስ ያለ ስርጉድ ድንገት ጧ ብሎ ይወጣል።

የታጠፈ፣ ሹል ስብራት ያለው ግን በዚህ አይወጣም። እሱን የሚያወጣው መጎተት ነው። ብረት ከመበየድ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) በስታኞ፣ ማለትም በቀላሉ በሚቀልጥ የብረት ማጣበቂያ፣ አጣብቆ መጎተት ይሻላል፤ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ላሜራውም አይበሳም። ስታኞውንም ቢሆን በክፍት እሳት ሳይሆን ራቅ ብሎ በጋለ የመዳብ ብረት።

እሳትን ካነሳን፦ ባዶ ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ናፍጣው ሳይሆን ትነቱ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። በዝገቱና በመጋጠሚያው ውስጥ የተደበቀ ናፍጣ ሲሞቅ እንደገና ይተናል። ስለዚህ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግመህ እጠብ፤ እሳት ከመቅረቡ በፊትም ከሚሠራበት ቦታ ሥር እስኪደርስ ውሃ ይሙላ። አንዳንድ በያጆች የመኪና ጭስ በቱቦ ያስገቡና «አሁን አይፈነዳም» ይላሉ። አትመናቸው። ናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ገና ብዙ ኦክስጅን አለ።

ከወረደ አይቀር ውስጡንም እይ። ዝገት ካለ አንድ እፍኝ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀውን) ጨምረህ ከውሃ ጋር አንቀጥቅጠው፤ ስትጨምር ግን ቁጠር፣ ስታወጣም ቁጠር። ካደረቅከው በኋላ ወዲያው በናፍጣ አለቅልቀው፤ ካልሆነ ባደረበት ይዝጋል።

«አዲስ እንሥራልህ» ብሎ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚያመጣ ካለ እንቢ በለው። ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ይዋሃድና የሚፈጠረው ዝቃጭ ፊልትሮውንና ኢንጀክተሩን ይደፍናል። ከዚያ ይልቅ ከአሮጌ መለዋወጫ ሻጮች ያገለገለ ፈልግ፤ ስትገዛም በባትሪ ውስጡን አይተህ።

መልሰህ ስትገጥመው አየር ገብቷልና አይነሳልህም። የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርግና ናፍጣውን ከሰልባትዮው ወደ ፊልትሮው የሚልከውን የማንሻ ፓምፕ ምላስ በእጅ እየገፋህ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቅ። ከዚያ ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚገፋው ፖምፓ ላይ ያሉትንም የአየር ማስወጫ ብሎኖች እንዲሁ። ተነስቶ ትንሽ ከሠራ በኋላ እየደከመ ከጠፋ፣ ክዳኑን ክፈት። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ስትቀባው ቀለም ገብቶበት ይሆናልና በቀጭን ሽቦ ክፈተው።