ለውሻዬ ማልቀሴ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 31 ዓመት በስካውትነት፣ ማለት በዱር እንስሳት ጠባቂነት፣ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ የደባርቁን ቤቴን ዘግቼ ጎንደር መጣሁ። አዘዞ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ከዚያ ኑሮዬ የተከተለኝ ውሻዬ ብቻ ነበር። ስሙ ጓዴ ነው። ኅዳር ላይ ታመመብኝ፣ በአራተኛው ቀን ሞተ። አማቼ “ወንዝ ዳር ይጣል፣ ጅብ ያነሣዋል” አለ። እኔ አልሆንልህ አለኝ። ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት አይቶኝ ሳቀ።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። 20 ዓመት አብሮኝ ተራራ ለተራራ የዞረ ባልደረባዬ አምና ሲሞት አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ለሰው ያላለቀስኩ ለውሻ ማልቀሴ ኃጢአት አይሆንብኝም? በድኑን በእጄ ስለነካሁም ፈርቼ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ ቀርቻለሁ። በአርባኛው ቀን ዳቦ አስጋግሬ ነዳያንን ባበላለትስ? አሁን የቀረነው ሦስት ጡረተኛ ስካውቶች ነን። ከቅዳሴ በኋላ ጽዱ ሥር እንቀመጣለን። ወሬያችን ሁሉ ጉልበትና ኪኒን ሆኗል። እግዚአብሔር እስካሁን ለምን እንዳቆየን አልገባኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። “ለውሻ ሞት እንዲህ ይባላል ወይ?” የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ብያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቅዳሴው። እሑድ ይምጡ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የእንስሳ በድን የነካ ሰው እስከ ማታ እንዲቆይ፣ ያነሣ ደግሞ ልብሱን አጥቦ እስከ ማታ እንዲቆይ ያዝዛል። በኦሪቱ እንኳ እስከ ማታ ነበር። እርስዎ ሁለት እሑድ ቀሩ። ገላዎን ይታጠቡ፣ ነጠላዎን ይልበሱና ይምጡ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው። የሚነግሯቸው ውሻ መቅበርዎን ሳይሆን ከቅዳሴ መቅረትዎን ነው።

ጥያቄዎ ሲደርሰኝ ወዲያው አልመለስኩም። እኔ ውሻን ያወቅሁት በዱላ ነው። በልጅነቴ ከአባቴ ቤት ወጥቼ የቆሎ ተማሪ ሆንኩ። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ስንል ቀድሞ የሚቀበለን ውሻ ነው። ግራ ባቴ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። አንዲት እናት ደጅ ግን አንድ ቦቃ ውሻ ነበረ። ወር ሙሉ ሲጮኽብኝ ከርሞ አንድ ጠዋት ዝም አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ከተኛበት ተነሥቶ ተከተለኝ። የታችኛው መንደር ውሾች እንዳይደርሱብኝ ጎኔን ይዞ እስከ ጅረቱ አደረሰኝ። ተሻገርኩ። እሱ ከወዲያ ማዶ ቆሞ እስክርቅ አየኝ። አኩፋዳዬ ውስጥ ቁራሽ እንጀራ ነበረ። አልሰጠሁትም። ስንት ነገር ረስቼ ያ ቁራሽ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ማልቀስዎ ኃጢአት አይደለም። “ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል” ይላል መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12። መጽሐፈ ጦቢትን ያንብቡ። ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ያን ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮ ወጣ። መልአኩ “ሂድ ከዚህ” ብሎ ሲያባርረው አናነብም። አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ በቁስል ተመትቶ ሲወድቅ ቀርበው ቁስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። ባለጠጋው አላየውም፣ ውሾቹ አዩት።

እርግጥ ነው፣ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ይህ የቤተ መቅደሱ ክብር ነው፣ እኔም አስጠብቀዋለሁ። ነገር ግን ከቅጽር ውጭ ይሁን ማለት ይጠላ ማለት አይደለም። ጓዴም ቦታውን ያውቅ ነበር። አሁን ነው የእርስዎ መሆኑን ያወቅሁት እንጂ አይቼዋለሁ። ከበሩ ውጭ፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ አፍንጫውን በፊት እግሮቹ ላይ አጋድሞ ቅዳሴ እስኪወጣ ይተኛል። ሰው ሁሉ በላዩ ሲያልፍ አይነሣም። አንድ ሽማግሌ በከዘራ ሲወጡ ብቻ ብድግ ይላል።

አሁን ስለ ተዝካሩ። እዚህ ላይ ቁርጡን ልንገርዎት። ለውሻ ፍትሐት የለም፣ ተዝካርም የለም። ጭካኔ እንዳይመስልዎት። የሰው ነፍስ ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት ናት፤ የምትናገር፣ የምታስተውል፣ የማትሞት። ተዝካር የምናወጣው በጥምቀት የክርስቶስ አካል ለሆነ፣ ትንሣኤን ለሚጠብቅ ሰው ነው። እንስሳ የሚኖረው በደመ ነፍስ ነው። ስለዚህ “ጓዴን በሰማይ ያገኙታል” ብዬ አላጽናናዎትም፤ ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችኝን አላስተምርም። የተጻፈውን ግን እነግርዎታለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 8 ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትትና ከጥፋት ባርነት ነጻ እንደሚወጣ ይናገራል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም ከገነት በወጣባት ቀን የእንስሳት ሁሉ አፍ ተዘጋ ይላል። ከዚያ በፊት ይናገሩ ነበር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። እነሱ ዝም ያሉት በእኛ በደል ነው። ታዲያ ዝም ብሎ ታሞ ለሞተ እንስሳ ያለቀሰ ሰው ምን ነውር ሠራ?

ዳቦው ግን አይቅር። ለማን እንደሚያደርጉት ልንገርዎት።

አምና ስላረፉት ባልደረባዎ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈው አለፉ። እኔ ደግሞ ያቺ ነገር ናት የያዘችኝ። ያን ቀን ለምን እንዳላለቀሱ አስበውታል? እንደማውቀው የእናንተ አገር ሰው በለቅሶ ቀን ሥራ አያጣም። ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ የመጣውን ያስቀምጣል፣ ሚስትና ልጆችን ያጽናናል። ጠባቂ ሆነው የኖሩ ሰው ነዎት። ያን ቀንም ሲጠብቁ ዋሉ። እንባው አልጠፋም፣ ተቀምጦ ቆየ። ጓዴ ሲሞት የሚሸከሙት ሬሳ፣ የሚያጽናኑት ሰው አልነበረም። ብቻዎን ነበሩ፣ ወጣ። ባልደረባዎም፣ ተራራውም፣ የሄደው ጉልበትዎም አብረው ያሉበት እንባ ይመስለኛል። ለሰው አላለቀስኩም አይበሉ። ዘግይቶ መጣ እንጂ መጥቷል።

ስለዚህ ለውሻው ያሰቡትን ዳቦ በባልደረባዎ ስም ያድርጉት። የክርስትና ስማቸውን ከባለቤታቸው ይጠይቁና ይዘውልኝ ይምጡ፣ በጸሎት ይታሰቡ። ከሙት ዓመታቸው ጋር ቢገጥም ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ነዳያኑን በእጅዎ ያብሏቸው። በዚያው ወደ ቤታቸው ጎራ ይበሉ። ባል የሞተባት ሴት ከአርባው ቀን በኋላ ሰው ይረሳታል። ይህ በየሰፈሩ የማየው፣ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

“ለምን ቆየን?” ላሉት፣ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ መልሱ በየሳምንቱ ሐሙስ በእጅዎ ያልፋል። መዝሙር 103 የሐሙስ ነው። ረጃጅሙ ተራራ ለዱር እንስሳ፣ ዐለቱ ለሽኮኮ መሸሸጊያ እንደተሰጠ ይናገራል። ይህን እኔ በቃል አውቀዋለሁ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል። ከዚያ ቀጥሎ ጨለማ ይሆናል፣ አራዊት ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገባሉ ይላል። ከዚያ፦ “ሰው ወደ ተግባሩ፣ እስኪመሽም ድረስ ወደ ሥራው ይወጣል።” እስኪመሽ ድረስ። ምሽቱን ያመጣው ያው ተራራውን የሠራው ጌታ ነው። ወረድ ሲል ደግሞ ስለ እንስሳቱ “ነፍሳቸውን ታወጣለህ፣ ይሞታሉም፣ ወደ አፈራቸውም ይመለሳሉ” ይላል። ጓዴም፣ የእርስዎ ምሽትም በአንድ መዝሙር ውስጥ አሉ። መዝሙሩ ደግሞ የምስጋና መዝሙር ነው። ዳዊት ምሽቱን ቆርጦ አላወጣውም።

የሠሩትንም አያቃልሉት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ ወጣ። እነዚያን ዓመታት ብዙውን እናንተ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ በብርድ አድራችሁባቸዋል። አንድ ጊዜ ጽዱ ሥር ስታወሩ ሰምቻለሁ። የቤት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ያጋባል ብለው ጓዴን ደባርቅ አስረው፣ ብቻዎን ሽቅብ ይወጡ ነበር። እሱ እያለቀሰ፣ እርስዎ ዘወር ሳይሉ። የማያውቁትን የዱር አውሬ ለማዳን የሚወዱትን ትቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዱስ ያሬድም የመጨረሻ ዘመኑን በእነዚያው በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ አባቶቻችን ያስተምሩናል። ከቤተ መንግሥት ርቆ እዚያ ብርድ ውስጥ ሲጸልይና ሲያስተምር አረፈ። በእርጅናው የሠራው ሥራ መንገድ መምታት አልነበረም፣ ማስተማር ነበር።

ለእናንተ ለሦስታችሁም ሥራ አለኝ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች መዝሙር 103ን በቃላቸው ይዘዋል። ዋልያን ግን ከሥዕል በቀር አያውቁትም። አብዛኞቹ ደባርቅን እንኳ አላዩም፣ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ እንዴት እንደሚግጥ፣ ዋልያ ገደሉን እንዴት እንደሚወርድ፣ በሌሊት ጉም ውስጥ መንገድ እንዴት እንደሚገኝ ማን ይንገራቸው? አዳራሹ ምድር ላይ ነው፣ የሚወጣ ደረጃ የለውም። አግዳሚ ወንበር አውጥተን ጽዱ ሥርም ማድረግ እንችላለን፣ ጉልበታችሁ እንዲሞቅ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል።

ልጆቹ ስለ ጓዴም ይጠይቁዎታል፣ ብዙዎቹ በር ላይ ያውቁታል። ባለፈው እሑድ አንዷ ትንሽ ልጅ ድንጋዩን እያየች “ያ ውሻ የታለ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርስዎ ይንገሯት።