ቤትህ ገንዘብ የሚያጣው በየትኛው ወር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳርና የ3 ልጆች አባት ነኝ። መሬቴ 4 ጥማድ ነው። 3ቱ ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ አንዱ ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ጥንድ በሬ፣ አንድ አህያና 4 በጎች አሉኝ። ጓሮዬ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ እስከ ሚያዝያ ውኃ አያጣም። እስካሁን የምዘራው ጤፍና ሽምብራ ብቻ ነው። ማዳበሪያው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። የጤፉ ብር ግንቦት ሳይደርስ ያልቃል። ጎረቤቶቼ ማሳቸውን ባሕር ዛፍ ተክለውበት አርፈዋል። ባለቤቴ «ነጭ ሽንኩርት እንሞክር» ትላለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ንብ ያዝ» ይለኛል። እኔ ግራ ገባኝ። የበለጠ የሚያዋጣው የቱ ነው?

መልስ፦

ወንድማለም፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ እሸት ሽምብራ ስፈለፍል ነው። ሽምብራው ከእናንተው ከማክሰኝት መንገድ ዳር የተገዛ ነበር። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

«የበለጠ የሚያዋጣው የቱ ነው?» ብለሃል። ደምቢያ ውስጥ 14 ዓመት በልማት ሠራተኝነት ስሠራ በየስብሰባው የሚነሳው ይኸው ጥያቄ ነበር። መልሱ ግን በየዓመቱ ይቀያየራል። አንድ ዓመት ቀይ ሽንኩርት ያዋጣል። ያን ያየ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ቀይ ሽንኩርት ይተክላል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይነቅላል፣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ገበያ ያወጣል። ያኔ ዋጋው የአህያ ጭነት ድካሙን እንኳ አይመልስም። ቲማቲም ከዚህም ይብሳል፤ ዋጋ እስኪነሳ ልጠብቅ ብትለው ይበሰብስብሃል።

ስለዚህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤትህ ገንዘብ የሚያጣው በየትኛው ወር ነው?

ይህን ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ከልጆቹ ደብተር አንድ ገጽ ውሰዱና ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወራቱን ጻፉ። በየወሩ ምን ሸጣችሁ? ለምን ከፈላችሁ? ከደብዳቤህ እንደገባኝ ጤፍህ ታኅሣሥ ላይ ይወቃል፤ ሽምብራው የካቲት ላይ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እስከ ቀጣዩ ታኅሣሥ የሚሸጥ ነገር የለህም። በመሃል ሁለት ከባድ ወራት አሉ። ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ይገዛል። መስከረም ላይ ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣል። በግ በርካሽ የሚሸጠው፣ ከነጋዴ በወለድ የሚበደረው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። አዲስ ነገር ስትጀምር ለእነዚህ ወራት ብለህ ጀምር።

ጤፍና ሽምብራህን አትልቀቅ። እንጀራህና ሽሮህ ናቸው። ሽምብራው ደግሞ አየር ላይ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባልሃል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ጤፍ ከዚያ ይጠቀማል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የምልህ ጓሮህን፣ ተዳፋቱን፣ ከዋልካው ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቀይር ነው።

በጎቹ እጅህ ላይ ስላሉ ከእነሱ ጀምር። ለሰኔው ማዳበሪያ ብር የሚያመጡልህ እነሱ ናቸው። ጥር ላይ የጤፍና የሽምብራ ገለባ ሞልቶሃል። ከፋሲካው ቀን 3 ወር ወደ ኋላ ቁጠርና 2 ወይም 3 ወንድ በጎች ለይተህ እሰር። መጀመሪያ የሆድ ትል መድኃኒት ስጣቸው። ትል ያለበት በግ የምታበላውን ሁሉ ለትሉ ነው የሚያካፍለው። ከገለባው በተጨማሪ ለአንድ በግ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ደባልቀህ ስጥ። ፋጉሎውን ጎንደር ከዘይት ጨማቂዎች ታገኛለህ። አተላም ካለ ጥሩ ነው። ለፋሲካ የሸጥኸውን ብር ግን አትንካው። የሰኔ ማዳበሪያ ነው፤ ለባለቤትህ ስጣትና ታስቀምጠው።

አሁን ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ልምጣ። ባለቤትህ ልክ ናት። ጎንደር ዙሪያ፣ ደምቢያና ወገራ ነጭ ሽንኩርት የለመደ አገር ነው፤ ሽንኩርቱም በደንብ ከደረቀ ወራት ይቆያል። ጉድጓድህ እስከ ሚያዝያ ውኃ ካለው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተክለህ መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ ላይ ትነቅላለህ። በሰኔ ደግሞ ዝናብ ጠብቆ የሚተክለው ገበሬ ሁሉ ዘር ፈላጊ ነው።

ግን እባክህ በትንሹ ጀምር። 5 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃሃል። በመደብና በመደብ መካከል ውኃ መውረጃ ይኑረው፤ ዋልካ ውኃ ከያዘ ሥሩ ይታፈናል። በመስመር መካከል 30፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ካደረግህ 1,650 ያህል ፍንካች ይገባበታል። አንዱ ፍንካች 2 ግራም ቢመዝን 3 ኪሎ ከ300 ግራም ዘር ማለት ነው። ለዚህችው መሬት በአማካይ በቀን 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ትቀዳለህ። የሚቀዳው ማን ነው? ከአሁኑ ተነጋገሩ። አንድ ጥማድ ሙሉ ተክሎ ጥር ላይ በውኃ እጦት ያደረቀ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዘሩ አደራ እልሃለሁ።

የዛሬ 11 ዓመት እኔው ራሴ፣ ሌላውን የምመክረው ሰው፣ ቸኩዬ ከቅዳሜ ገበያ ዘር ገዛሁ። ፍንካቹ ትልልቅ፣ ነጭና የሚያምር ነበር። አዘዞ አጠገብ ባለው በአባቴ መሬት ላይ ሰኔ መጨረሻ ተከልሁት። በቅሎ አስደሰተኝ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ቢጫ መሆን ጀመሩ። እናቴ «ምች መታው» አለች። አንዱን ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ ወጣ። ሥር የሚባል ነገር አልቀረውም። ጭንቅላቱ ግርጌ ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነጭ ሻጋታ ይዞ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው በጥጡ ውስጥ ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ተበትነዋል። ያኔ እግሬ ከዳኝ። ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና።

ይህ የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ በሽታ ነው። እነዚያ ጥቁር ነጥቦች የበሽታው ዘር ናቸው፤ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞቱ ይቆያሉ። በፍንካች፣ በዶማ፣ በበሬ ሰኮና፣ በጎርፍ ይሄዳሉ። ቀይ ሽንኩርትንም ይይዛል። ያቺ መሬት እስከ ዛሬ ሽንኩርት አልተተከለባትም። ገብስና ጤፍ ትሰጠኛለች፤ እነሱን አይነካም። አባቴ ግን ያን መሬት «የሽንኩርት ቦታ» ይለው ነበር።

ስለዚህ ዘርህን ከገበያ አትግዛ። ማሳው ላይ ቆሞ እያለ ሄደህ ካየኸው ገበሬ ግዛ። ከዳርም ከመሃልም ጥቂት አስነቅለህ ሥሩን ተመልከት። የሚያጠራጥርህ ነገር ካለ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን ጠይቅ። የሰው ዶማ ሳይታጠብ ማሳህ አይግባ። የሽንኩርት ቅጠልና ልጣጭ ፍግ ክምር ላይ አትጣል። ከነቀልህ በኋላ ደግሞ በዚያው መደብ ላይ ሽንኩርት አትድገም፤ ሌላ አዝርዕት አፈራርቅበት።

ስለ ባሕር ዛፍ። ዛፉን አልጠላውም፤ የተወለድሁበት ቤት ማገሩም ወራጁም እሱ ነው። ዋልካው ላይ ግን አትትከለው። ለአጣና የሚደርሰው በ4 ወይም በ5 ዓመት ነው። የአንተ ችግር ደግሞ በየሰኔው የሚመጣ ነው። አጠገቡ ያለ ጤፍ እንዴት እንደሚቀጭጭ አይተሃል፤ የጎረቤትህ ጤፍ ከሆነ ደግሞ ጠቡ አይቀርም። አንዴ ከተተከለ ጉቶውን ነቅሎ መሬቱን ወደ እርሻ መመለስ ጉልበት ይጨርሳል። ከፈለግህ በድንጋያማው ተዳፋት ታችኛ ጫፍ፣ ከጉድጓዱና ከሰው ማሳ ርቆ ይተከል። ልጆቹ ሲያድጉ ለቤት መሥሪያ ይሆናል።

መሬት የራሱ ጠባይ አለው። ፎገራን ተመልከት። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፤ ውኃ የሚወድ እህል ውኃ የሚተኛበት አገር አገኘና ለመደ። ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ነው የሚቀበልህ። የአንተም ተዳፋት የሚስማማውን ፈልግለት። እኔ ንብ እልሃለሁ።

የአጎትህ ልጅ የመከረህ ለዚህ ቦታ ጥሩ ነው። 2 ቀፎ ይበቃሃል። ለመጀመሪያው ዓመት ባህላዊ ቀፎ ወይም የሽግግር ቀፎ ያዝ፤ ባለፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ውድ ነው፣ ማር ማጣሪያም ይፈልጋል። ከአደይ አበባና ከሜጭ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይቆረጣል። ሳትሸጥ ልታቆየው ስለምትችል ለመስከረም የሚሆነውን በማሰሮ ማስቀመጥ ትችላለህ። ኑግ የሚዘራ ጎረቤት ካለህ እሱም ይጠቀማል፤ ኑግ ያለ ንብ በደንብ አያፈራም። ቀፎ ከመስቀልህ በፊት ግን ጎረቤቶችህን ቡና ጠርተህ አነጋግር። አበባ ላይ በቀትር ተባይ ማጥፊያ ከተረጨ ንቡ እዚያው ይረግፋል። ንብ ቀፎው በሚገባበት ሰዓት፣ ማታ ይርጩ። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያም ቢሆን ሜጩንና አደዩን እየጨረሰ ንቡን ያስርበዋል፤ ቢያንስ የማሳው ድንበር ላይ ያለው አበባ ይቅር።

ለመስከረም ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ግንቦት ላይ ዝናብ ከጣለ ጓሮህ ላይ በቆሎ ዝራ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ እሸቱ መንገድ ዳር ይሸጣል። በአጥርህ ዙሪያ ደግሞ ጌሾ ትከል። 2 ዓመት ያህል ይታገስሃል፤ ከዚያ በየጊዜው ቅጠሉን ትለቅማለህ። ደርቆ ይቀመጣል፤ ለዘመን መለወጫ ጠላ ሲጠመቅ አውጥተህ ትሸጠዋለህ። ጥቁር አዝሙድም ለዋልካ ጠርዝ ጥሩ ነው፤ ፍሬው እንዳይረግፍ ጤዛው ሳይጠፋ በማለዳ እጨደው።

እሸት ሽምብራው እንዳይረሳ። የባሕር ዳር መንገድ አጠገባችሁ ነው የሚያልፈው። ታኅሣሥ ላይ ከሽምብራህ ጥቂት መስመር በእሸቱ እየነቀልህ ሽጥ፤ ሳይወቃ፣ ሳይነፋ ብር ይሆናል። የቀረው ደርቆ ለሽሮ ይግባ።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት አትጀምር። ዘንድሮ በጎቹና ያቺ 5 በ10 መደብ። ጌሾውን ክረምት ሲገባ። ንቡን በሚመጣው ዓመት። ኅዳር ላይ ሽንኩርቱ ከተተከለ በኋላ ጻፍልኝ፤ ሥሩን ለማየት ራሴ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦

እታለም፣ አዘዞ ነው የምኖረው። 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉ ተቆልሎ ቀረብኝ። ዶሮ መያዙን ልተወው ይሆን?

መልስ፦

አትተይው እህቴ። የተሳሳተው ጫጩቶቹን ያስገባሽበት ቀን ነው። 50 ዶሮ በቀን ወደ 6 ኪሎ መኖ ይበላል፤ በ55 ቀን 330 ኪሎ ማለት ነው። ጾሙ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ላይ ነው፤ ዶሮዎችሽ ደግሞ ያኔ ገና መጣል ጀምረው ይሆናል።

የ45 ቀን ጫጩቶቹን ግንቦት መጀመሪያ ላይ ውሰጂ። መጣል የሚጀምሩት በ5 ወር ገደማ ዕድሜያቸው ነው፤ ይህም ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውልልሻል። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ጥቅምት፣ እስከ ጾመ ነቢያት ድረስ ገበያሽ ነው። ለዐቢይ ጾም ደግሞ ከአሁኑ የማይጾሙ ደንበኞች ያዢ፤ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉትን የሙስሊም ባለሱቆች አነጋግሪ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶችም አትርሺ። በሚቀጥለው ግንቦት አዲስ ጫጩት በሌላ ክፍል አስገቢና አሮጌዎቹን ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ሽጫቸው፤ አዲሶቹ ያኔ መጣል ይጀምራሉ።

ጫጩቶቹን ስትወስጂ የፈንግል ክትባት መቼ እንደተሰጣቸው ጠይቂና ቀኑን በወረቀት አጽፊ። ዝናብ ሲጀምር ፈንግል ይነሳል፤ ቀጣዩ ክትባት ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ሻጩ ቀኑን ካልነገረሽ አትግዢው።