ጠባሳውን አታጥፉት

ይድረስ ለድሬ ልጆች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። በ1970፣ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ ጉርድ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው በዛብን። ልጁ ሞቷል፣ ኔጌቲቩ የለም፣ «አሳድግልኝ» ነው የሚሉት።

አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነበር። ሐረር ጦር አካዳሚ ሦስት ዓመት ተምሮ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ፤ እግረኛ ጦር ውስጥ ገባ። ስሙን ለቤተሰቡ ልተወው። እናቱ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳታጠፋብኝ።» ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ድንጋይ ፈንክቶት ነው።

ሌላው ሰው ፊቱን አጥራልን፣ ማዕረግ ጨምርበት ይል ነበር። አልፈርድም፣ ሐዘን ነው። ግን እንደዚያ የተወለወለውን ፎቶ ዛሬ ብታዩት ከጎረቤት ልጅ አትለዩትም።

እናንተም አክስታችሁን ስለ ሟቹ ስትጠይቁ «ጀግና ነበር» ስትላችሁ አትነሱ። ቁጭ በሉ። ምን ያስቀው ነበር? ከማን ጋር ይኳረፍ ነበር? የእኛው መኮንን ፈቃድ ሲያገኝ የደንገጎን ተራራ ወርዶ መጀመሪያ የሚገባው ጓደኞቹ ጋ ሻይ ቤት ነው። እናቱ ቤት ሆነው ወሬውን ይሰማሉ፣ ያኮርፋሉ። ይህንን ታሪክ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

የት ሞተ ካላችሁ ደግሞ ሁሉም «ካራማራ» ይላችኋል፤ ጅጅጋ አጠገብ ያለው የድሉ ተራራ ነው። ወሩን ጠይቁ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር እዚሁ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ነበር። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ለወራት ጭንቁ ሐረር ዙሪያ ነበር። ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ነው። ይህ ልጅ ያረፈው በኅዳር፣ ሐረር አጠገብ ነው፤ ድሉን አላየም። ቤተሰቡ ግን ዛሬም ካራማራ ነው የሚለው። እኔም አልከራከራቸውም፣ እናንተ ግን ስትጽፉ ልክ ልኩን ጻፉ።

በነገራችን ላይ ውጊያው ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ ጦር ጋር ነበር። መጋላ ሰፈር ያለው ሶማሌ ጎረቤታችሁ ላይ አታላክኩት። የዚያ ልጅ ለቅሶ ላይ ብርጭቆና ምንጣፍ ያዋሱት፣ ሦስት ቀን ከእናቱ አጠገብ ያልተነሱት ሶማሌ ጎረቤታቸው ናቸው።

እንግዲህ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ አውጡት። ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፣ ይቀደዳል፤ እንዳለ አንሱት። በስልክ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ቀንና የፎቶ ቤት ማኅተም አለበት። ምንም ካልተጻፈበት ስሙን፣ ወሩንና ቦታውን ጠርዙ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። የነገራችሁንም ሰው ስም አክሉበት።