«ቱቦ ለዋጭ ሆነህ ልትቀር ነው?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው። በከባድ መሣሪያዎች ጥገና በደረጃ 3 ተመርቄ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የድንጋይ ካባ በረዳት መካኒክነት ስሠራ 8 ወር ሆነኝ። ሥራዬ ባብዛኛው ዘይት የሚያፈስ የኤክስካቫተር (የቁፋሮ ማሽን) ቱቦ መለወጥ ነው። አባቴ «ቱቦ ለዋጭ ሆነህ ልትቀር ነው?» ይለኛል። ሁለቱን በሬዎች ሸጦ በደላላ ወደ ሳዑዲ ሊልከኝ ይፈልጋል፤ ካልሆነም አካውንቲንግ ተማር ይላል። እኔ ደግሞ ኦፕሬተር ብሆን ይሻለኝ ይሆን እላለሁ። ፎርማኑ ሞተሩን ሳታጠፋ የሚያፈሰውን በእጅህ ዳስሰህ ፈልግ ይለኛል፤ ስፈራ ይስቁብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እጅህ። የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም፤ ጓንት ብታደርግም አይዳሰስም። ሃያ ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ሥራ ሲከብድበት የዘይቱ ግፊት 350 ባር አካባቢ ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ እንደሆነ አስብ። ዓይን በማያያት ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ የቡም (የማሽኑ ትልቅ ክንድ) ቱቦ ሲዳስስ ጣቱን እንደ መርፌ ጠቅ አደረገው። ደም እንኳ አልወጣም። እጁን ታጥቦ ከእኛ ጋር ምሳውን በላ። ማታ ክንዱ አብጦ ሲያቃስት አደረ፤ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ብናደርሰውም ጣቱን ማትረፍ አልተቻለም። ስለዚህ ፍንጣቂውን በካርቶን ወይም በጣውላ ቁራጭ ፈልግ። ድንገት ከወጋህ እስኪያምህ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሄደህ «በግፊት የገባ ዘይት ነው» ብለህ ንገር፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ካልነገርካቸው በፋሻ ሊመልሱህ ይችላሉ። ፎርማኑ ቢያስገድድህ እምቢ በል። በዚህ ምክንያት ከሥራ ብትባረር እንኳ ሌላ ሥራ ይገኛል።

አሁን ወደ «ቱቦ ለዋጭ» ልምጣ። ይህችን ቃል ሳነብ ደሜ ፈላ። አስራ አንድ ዓመት በመንገድ ሥራ ካምፖች ስጠግን ኖሬ ነው ወደ ማስተማር የገባሁት፤ ሃይድሮሊክን፣ ማለትም ማሽን በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስበትን ሥርዓት፣ የተማርኩት ከፈነዱ ቱቦዎች ነው።

ቱቦ የሚለውጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይፈታል፣ አሮጌውን ተሸክሞ የቱቦ ጫፍ በማሽን ጨምቆ የሚገጥም (ፕሬስ የሚያደርግ) ሱቅ ይሄዳል፣ የሚመስለውን አስቆርጦ ይመጣል፣ ያስራል። ሌላው «ይህ ቱቦ ለምን እዚህ ጋ ፈነዳ?» ብሎ ይጠይቃል። አሮጌውን ከመጣልህ በፊት ጥርግ አድርገህ ብርሃን ላይ እየው። ጎማው በአንድ ጎኑ ተልጦ ሽቦው ከዛገ፣ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሯል ማለት ነው፤ ማሰሪያ ክላምፑ የወደቀበትን ቦታ ፈልግ። ክላምፑን ሳትመልስ ቱቦውን ብቻ ከለወጥክ ያው ቱቦ ጥቂት ቆይቶ ይጠራሃል። ስታጥፈው ጎማው እንደ ደረቀ መሬት የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ሙቀት ወይም ዕድሜ ነው። አንገቱ ላይ ከፊቲንጉ (ከጫፉ የብረት መገጣጠሚያ) ሥር ከፈነዳ ሲገጠም ከልክ በላይ ታጥፏል፣ ወይም ፕሬሱ በደንብ አልተሠራም። በርዝመቱ የታተመውን የጽሑፍ መስመር ደግሞ ልብ በል፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው እንደ ሐረግ ከተጠመዘዘ፣ ያሰረው ሰው በአንድ ቁልፍ ነው ያጠበቀው። አንድ ቁልፍ ፊቲንጉን ይዞ፣ ሌላው ዳዶውን ያጠብቃል። በዚያው መስመር ላይ የቱቦው ዓይነትና ልኩ ተጽፏል። 12 የሚል ቁጥር ካየህ 12 አሥራ ስድስተኛ ኢንች፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ይህን የማያነብ ሰው ነው በጎማው ውስጥ አራት ድርብ ሽቦ ያለው ቱቦ በሚፈልግ ቦታ ላይ ሁለት ድርቡን የሚያስር።

ስለ ቴፍሎን አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። የሾጣጣው አንግል 30 ዲግሪ የሆነውና 37 ዲግሪ የሆነው ፊቲንግ አንዳንዴ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ጥርሱም ሊይዝ ይችላል፣ ግን ያፈሳል። ያን ጊዜ ብዙ መካኒክ ጥርሱን በቴፍሎን ይጠቀልላል። በእነዚህ ፊቲንጎች ላይ ዘይቱን የሚያቆመው ጥርሱ ሳይሆን ሾጣጣው አፍ ለአፍ መግጠሙ ነው። ቴፍሎን አይረዳም፤ ተበጥሶ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቫልቭ ይዘጋል።

ስትፈታም ቡሙንና ባኬቱን መሬት አስተኛ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርገህ ሌቨሮቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅስ፣ የዘይት ታንኩን ክዳን ቀስ ብለህ ክፈት። የቀረ ግፊት አለና። ክፍት አፉን በጨርቅ አትወትፍ፣ ንጹሕ መክደኛ ይኑርህ። አዲሱ ቱቦ ሲቆረጥ የቀረውን የጎማና የሽቦ ብናኝ ሳታስነፋ አታስር። ያ ብናኝ የሚጎዳው ፓምፑን ነው፤ ፓምፕ ደግሞ አሠሪህ ለዓመት ከሚከፍልህ ደሞዝ በላይ ያስወጣል። ይህን አውቆ የሚሠራ ልጅ «ቱቦ ለዋጭ» አይደለም።

ደሞዝህ ትንሽ መሆኑን አልክድም። ግን ለቤት የምትልከውን ለስድስት ወር በግማሽ ቀንሰው። ቤተሰብህ ቅር ይላቸዋል፤ ቅር ይበላቸው። በዚያ ብር ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ)፣ የራስህ ሁለት ጥሩ ቁልፍና የመክደኛ ስብስብ ግዛ። ደብተር ያዝ፦ ቀን፣ ማሽን፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ የትኛው ቱቦ፣ ለምን። ዎርክሾፕ ለቅጥር ስትቀርብ ያን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ደረጃ 4ን ተምረህ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ተፈተን። ቆይተህ ደግሞ እዚያው ደብረ ብርሃን ፕሬስ ማሽን ስለመትከል ማሰብ ትችላለህ፤ ለአንድ ቱቦ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ተደርሶ እስኪመጣ ማሽን ቆሞ የሚውልበት ካባ ገበያ ነው።

ኦፕሬተርነት ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥገና አውቀህ ብትገባበት ግን የበለጠ ይከፍልሃል፣ አትቸኩል። አካውንቲንግ አንተ ራስህ እንደምትፈልገው በደብዳቤህ አንድም ቦታ አልጻፍክም።

የሳዑዲውን ነገር በግልጽ እነግርሃለሁ፦ አትሂድ፤ አባትህም ሊልኩህ አይገባም። በሬዎቹ ከተሸጡ በሚቀጥለው ክረምት በምን ሊያርሱ ነው? በደላላ የሚኬደው በጅቡቲ በረሃ፣ በባሕርና በየመን በኩል ነው፤ በዚያ መንገድ የቀሩትን ልጆች የማያውቅ ሰፈር የለም። ልጅ ሙያ ይዞ ሳለ በሬ ሸጦ ለደላላ መስጠት ፍቅር ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ይህን አንተው ልትነግራቸው ይገባል።

በስልክ ግን አትንገራቸው። ለበዓል ወደ ቤት ስትሄድ ከፈነዳ ቱቦ አንድ ክንድ ቆርጠህ ይዘህ ሂድ። አባትህ ገበሬ ናቸው። ምራኑ የት ላይ እንደሚበላና ለምን እዚያው እንደሚበላ ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቃሉ። የተላጠውን ጎን አሳያቸውና ለምን እንደፈነዳ ንገራቸው።