«ተረጋግጧል» ሲባል፣ እንዴት ተረጋገጠ?

ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን ዛሬ እንመልሳለን። ዘርፋቸው የተለያየ ነው። ጠያቂዎቹን ያሳሰባቸው ነገር ግን አንድ ይመስለኛል፦ ተመራማሪዎች እንዲህ አሉ የሚለውን ወሬ ምን ያህል እንመነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ነገ ዝናብ ይኑር አይኑር ይነግሩናል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀን መናገር ለምን አቃታቸው? ሶሻል ሚዲያ ላይ ቀን ቆርጠው የሚናገሩትንስ ልመናቸው?

መልስ፦ አትመናቸው ወንድሜ። ደመናን ሳተላይት ያየዋል። መንቀጥቀጥ ግን የሚነሳው ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ገብቶ ነው፤ እዚያ ያለው አለት ምን ያህል እንደተወጠረና መቼ እንደሚላቀቅ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ሳይሞከር ቀርቶም አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የምትባል ቦታ ከ1857 እስከ 1966 በአማካይ በየ22 ዓመቱ መጠኑ 6 ገደማ በሆነ መንቀጥቀጥ ስትመታ ኖራለች። ይህን ያዩ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቀጣዩ እስከ 1993 ድረስ ይመጣል ብለው አካባቢውን በመሣሪያ ሞሉት። 1993 አለፈ። መንቀጥቀጡ የመጣው በ2004 ነው፤ ያ ሁሉ መሣሪያም ቀድሞ ግልጽ ምልክት አላሳየም።

የሚቻለው ሌላ ነገር ነው። መንቀጥቀጥ ሲነሳ መጀመሪያ የሚደርሰው ፈጣን ሞገድ ብዙም አይጎዳም፤ ቤት የሚያፈርሰው ከኋላ የሚመጣው ነው። ፈጣኑን የያዘ መሣሪያ ራቅ ላሉ ሰዎች በሰከንዶች ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ጃፓን ከ2007 ጀምሮ ለሕዝቡ በሙሉ እንዲህ ታስጠነቅቃለች። ትንበያ አይደለም፤ ግን ባቡር ለማዘግየትና ጠረጴዛ ስር ለመግባት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጂኦተርማል (ከከርሰ ምድር ሙቀት የሚገኝ ኃይል) ንጹሕ ነው ይላሉ። መንቀጥቀጥ ያመጣል የሚልም አነበብኩ። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም። ወደ ታች በገባን ቁጥር በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይጨምራል። እሳተ ገሞራ ባለበት አካባቢ ሙቅ ውሃውና እንፋሎቱ ቅርብ ስለሆነ ማውጣቱ ይቀላል። የበለጠ የሚያሰጋው ውሃ የሌለበትን ጥልቅ አለት ለመክፈት በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሲገፋበት ነው። ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ላይ በ2006 እንዲህ ሲሠራ መጠኑ 3.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሳ፤ ሥራው ቆመ፣ በኋላም ተሰረዘ።

የባሰው ደቡብ ኮሪያ፣ ፖሃንግ ላይ የደረሰው ነው። በኅዳር 2017 መጠኑ 5.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ሰዎችን አቆሰለ፣ ብዙ ሕንጻ ጎዳ። በ2019 መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቡድን የቀሰቀሰው የጂኦተርማል ፕሮጀክቱ መሆኑን አሳወቀ። እኔን በጣም የሚያስቆጨኝ፣ ከወራት በፊት እዚያው አካባቢ መጠኑ 3.2 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነስቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ውሃ መግፋቱ ቀጠለ። ስለዚህ ቴክኖሎጂውን አትጥላው፤ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ፣ መሬቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ግን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እናቴ በጉልበት ሕመም ትሠቃያለች። አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ነው ተብላለች። ዘመዶቻችን «በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው አጥበው ይጠርጉታል፤ እኛ የምናውቃቸው ተሽሏቸዋል» ይላሉ። እናሠራላት?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም በቀዶ ጥገና ምርምር ውስጥ ደፋር ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ የተሠራው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ውጤቱ በ2002 ታተመ። አሜሪካ ውስጥ የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው 180 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የአንዱ ቡድን ጉልበት ታጠበ። የሌላው ታጥቦ ተጠረገ። ሦስተኛው ቡድን ቆዳው ብቻ ተቆረጠና ተሰፋ፤ ሐኪሞቹ እንደ እውነተኛው ቀዶ ጥገና መሣሪያ እየጠየቁ አስመሰሉ እንጂ ውስጡን አልነኩትም። ሁሉም ሰው የማስመሰያው ዕጣ ሊደርሰው እንደሚችል ቀድሞ አውቆ ፈቅዷል፤ የትኛው እንደደረሰው ግን አልተነገረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። በሕመምም በመራመድም ልዩነት አልተገኘም። ምንም ያልተሠራላቸውም ተሽሎናል አሉ!

ዘመዶቻችሁ የሚያውቋቸው ሰዎችም አልዋሹም። እውነት ተሽሏቸዋል። ነገር ግን የጉልበት ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል፤ ሰው ደግሞ ወደ ቀዶ ጥገና የሚሄደው በጣም ሲብስበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ቀለል ማለቱ አይቀርም፣ ተስፋውና እንክብካቤውም የራሱን ያግዛል። ማስመሰያው ቡድን ባይኖር ኖሮ ምስጋናው ሁሉ ለካሜራው ይሄድ ነበር።

ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናትም በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ላይ ይህ ቀዶ ጥገና ሲጨመር የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። ስለዚህ እኔ ብሆን ለአርትራይተስ ብቻ ተብሎ አላሠራላቸውም።

ጉልበትን በሰው ሠራሽ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱት። ዴንማርክ ውስጥ በ100 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት መተካቱ ያለ ቀዶ ጥገና ከሚሰጠው ሕክምና የበለጠ ሕመም እንደሚቀንስ፣ ከባድ ጉዳትም ግን በዝቶ እንደሚታይበት አሳይቷል። ጉልበቱ ያልተተካው ቡድንም ቢሆን በስፖርትና በክብደት መቀነስ ብዙ ተሻሽሏል። እናትሽም ከዚያ ይጀምሩ፤ ፊዚዮቴራፒስት የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሳያቸው፣ ለውጡም ሳምንታት ስለሚፈልግ በአንድ ሳምንት አይተውት። ጉልበታቸው ድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳታሳድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።