ኩላሊት ውስጥ የገባው ሴል ሁሉ ጠላት አይደለም

ውድ ወጣቶች፣

«በስኳር ሕመም የተጎዳ ኩላሊት በመከላከያ ሴሎች የሚሞላ ከሆነ ለምን በመድኃኒት አናፍናቸውም?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ መካከል አንዱ ልኮልኛል። መከላከያ ሴሎችን የሚያፍነው የተለመደው መድኃኒት ስቴሮይድ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ እሱን ወዲያ በሉት። ጥያቄው ግን ዛሬም የሚያስቆጨኝን አንድ ሙከራ አስታወሰኝ።

ባርዶክሶሎን ሜቲል የተባለው መድኃኒት ብግነትን (መከላከያ ሴሎች የሚያስነሡትን መቆጣት) ያበርዳል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት የ227 ታካሚዎች ውጤት ሲታይ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ኩላሊታቸው የማጣራት አቅሙ ጨምሮ ተገኘ። እየደከመ የሚሄድ ኩላሊት ቁጥሩ ሲሻሻል ማየት ብርቅ ነው፤ ደስታውም የዚያኑ ያህል ነበር። ቢከን የተባለው ትልቁ ሙከራ ዓይነት ሁለት ስኳርና ደረጃ አራት (ከባድ) የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን 2,185 ሰዎች ይዞ ተነሣ። መድኃኒቱ የደረሳቸው በቀን 20 ሚሊግራም ወሰዱ። በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት ከእነሱ 96፣ ካልወሰዱት 55 ሆኑ። በ2012 ኦክቶበር ሙከራው ተቋረጠ። የማጣራት አቅሙ ሲጨምር የደም ግፊቱም በሽንት የሚወጣው አልቡሚንም (የኩላሊት ጉዳት ምልክት የሆነው የደም ፕሮቲን) አብረው ጨምረው ነበር። መድኃኒቱ ሴልን ከጉዳት የሚከላከሉ ጂኖችን የሚቀሰቅሰውን ኤንአርኤፍ2 የተባለ ፕሮቲን የሚያነቃው በአንድ ዓይነት ሴል ብቻ አይደለም፤ በየሴሉ ነው። የትኛው ሴል ላይ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ መቅደም ነበረበት።

ስኳርና አልቡሚን የሚያስጨንቁት የቱቡል (ሽንት የሚያልፍበት የኩላሊት ጥቃቅን ቱቦ) ሴል ኤምሲፒ-1 የተባለ ኬሚካል ይለቃል። ሲሲአር2 የተባለው ተቀባይ ያለው ሞኖሳይት፣ ማለትም አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል፣ ያንን ተከትሎ ከደም ይወጣና ማክሮፋጅ፣ ማለትም በላተኛ መከላከያ ሴል፣ ይሆናል። የሚያመነጫቸው ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ብግነቱን ያባብሳሉ፤ ቲጂኤፍ-ቤታ ደግሞ ፋይብሮብላስት የተባለውን ሴል ኮላጅን የተባለ ጠንካራ የፕሮቲን ክር እያስነጠፈ ጠባሳ ያሠራዋል። ነገር ግን የሞተ ሴል የሚጠርገውም ያው ማክሮፋጅ ነው። ሲሲአር2ን የሚዘጋው ሲሲኤክስ140 በ332 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ 5 ሚሊግራም የሽንት አልቡሚንን በ18 በመቶ ቀነሰ፤ 10 ሚሊግራም ግን በ11 በመቶ ብቻ። አብዝቶ መዝጋት አብዝቶ መጥቀም አልሆነም።

የዛሬ ወጣቶች ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳታዩ የሺህ ሴሎችን ካርታ ኮምፒውተር ላይ ለማንጠፍ ትቸኩላላችሁ። ካርታው ሴሉ ደም ሥር ውስጥ ይሁን ሕብረ ሕዋስ ውስጥ አይነግራችሁም። የሙከራ አይጧ ከመሞቷ ወደ 3 ደቂቃ ቀደም ብሎ በጅራቷ ደም ሥር ቀለም የተያያዘበት የፀረ-ሲዲ45 አንቲቦዲ (ነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚጣበቅ) ስጧት፤ ቀለሙን የያዘው ሴል በአመዛኙ ደም ውስጥ የነበረው ነው። ብዙ ከቆያችሁ አንቲቦዲው ሾልኮ ከደም ሥር ውጭ ያለውንም ይነካል። ቀጥሎ ኩላሊቱን በጨው ውኃ እጠቡት፤ ደም የተረፈበት ኩላሊት የሚሰጠው ቁጥር የደም ቁጥር ነው። ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለየው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትሪ ላይ፣ ከሴሉ ገጽ ምልክቶች ኤፍ4/80 ከፍ፣ ሲዲ11ቢ ዝቅ ያለው በአብዛኛው ነባር ማክሮፋጅ ነው፤ ተቃራኒው አዲስ ገቢ። በ37 ዲግሪ ሕብረ ሕዋሱን ወደ ነጠላ ሴሎች በሚፈታው ኢንዛይም በኮላጅኔዝ ብዙ ማቆየት ደግሞ የጭንቀት ጂኖችን ራሱ ያስነሣል፤ ያንን የበሽታው ነው ብላችሁ እንዳትጽፉት።

አይጥን አትመኑ። አይጥን የስኳር ሕመም ለማስያዝ የሚሰጠው መድኃኒት ስትሬፕቶዞቶሲን በኪሎ 50 ሚሊግራም ለ5 ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ቆሽትን ብቻ አይነካም፤ ቲ ሴልን የሚጨምሩትን ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችንም ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቲ ሴል ቁጥር ቢወርድ መድኃኒቱ ያወረደው ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮዋ ስኳር የሚይዛት ዲቢ/ዲቢ የተባለችው አይጥ የሌፕቲን (ረሃብን የሚገታ ሆርሞን) ተቀባይዋ የተበላሸው በመከላከያ ሴሎቿም ላይ ነው። እንዲህ ስል ግን ኤምሲፒ-1 የሌላቸው አይጦች ኩላሊታቸው ከጉዳት መትረፉን ባናይ ኖሮ ሲሲአር2ን ለመዝጋት ማንም ባላሰበ ነበር፤ ያለ አይጥም አይሆንም።

የሰው ባዮፕሲ (ከኩላሊት የተቆረጠ ናሙና) ሲደርሳችሁ በግሎሜሩለስ (ደም በሚጣራበት የደም ሥር ጥቅል) ውስጥ ያለውን ማክሮፋጅና በቱቡሎች መካከል ያለውን ለየብቻ ቁጠሩ። ከኩላሊቱ መድከም ጋር ይበልጥ የሚሄደው የሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ሁለቱን ደምራችሁ ካቀረባችሁት ይጠፋባችኋል።